የቫል ኪልመር ድምፅ የማን ነው? የአንድ ተዋናይ ሕይወትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክርክር

አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ቫል ኪልመር ኤፕሪል 1 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ በሳንባ ምች ሕይወቱ ሲያልፍ የ65 ዓመት ሰው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እርሱ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው በወጣትነቱ የተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ያጣው ድምፁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመልሶለት በ2022 «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» በተባለው ፊልም ለመናገር መብቃቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ሲሰሙት ልብ ይነካል። ችግሩ ዋናው ክፍሉ እውነት አለመሆኑ ነው። በዚያ ፊልም ላይ የተሰማው ድምፅ ማሽን የፈጠረው ሳይሆን የታመመው ሰውዬ የራሱ ድምፅ ነበር፤ አንድ ተዋናይ በስንት ድካም ያወጣውን ሥራ ብዙዎች ለሶፍትዌር ሰጥተውበታል።

ስህተቱ ተራ የዘገባ ግድፈት ቢሆን ኖሮ በእርማት ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የሆሊዉድ ተዋንያን በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ያቆሙበት፣ የካሊፎርኒያና የቴነሲ ምክር ቤቶች ሕግ ያወጡበት፣ ዛሬም በአሜሪካ ኮንግረስ ረቂቅ ሆኖ የሚንከባለለው ጥያቄ የሚያጠነጥነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፦ የተዋናይ ሥራ ድምፁና መልኩ ነው ወይስ በድምፁና በመልኩ የሚያደርገው ነገር? የኪልመር ስም በዚህ ክርክር ውስጥ «ቴክኖሎጂው በደግነት ሲውል ይህን ይመስላል» ለማለት ደጋግሞ ይነሣል። የሙያ ታሪኩን ከሥሩ የተመለከተ ሰው ግን ምሳሌው የሚያስረዳው ሌላ ነገር መሆኑን ያያል።

ኪልመር የተወለደው በ1959 የመጨረሻ ቀን በሎስ አንጀለስ ሲሆን ያደገው በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ቻትስዎርዝ በተባለ አካባቢ ነው። አባቱ ቀድሞ የታዋቂው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ የሮይ ሮጀርስ የነበረውን የእርሻ ቦታ ገዝቶ ስለነበር፣ ቫልና ወንድሞቹ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ የታወቁ ፊልሞችን እያስመሰሉ በካሜራ ይቀርጹ ነበር። ከሁሉም የበለጠ የፈጠራ ተሰጥኦ አለው ብሎ ኪልመር የሚመሰክርለት ታናሽ ወንድሙ ዌስሊ ነበር። ዌስሊ የሚጥል በሽታ ነበረበትና በ1977 በ15 ዓመቱ ውኃ ውስጥ ሳለ በሽታው ተነሥቶበት ሞተ። በዚያው ወቅት ቫል ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የጁሊያርድ የድራማ ክፍል ገባ፤ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ስለነበር ክፍሉ እስከዚያ ከተቀበላቸው ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነበር። ቤተሰቡ የክርስቲያን ሳይንስ እምነት ተከታይ መሆኑንም ከወዲሁ መያዝ ያስፈልጋል። በጸሎት መፈወስን ከሕክምና የሚያስቀድመው ይህ እምነት ከአርባ ዓመት በኋላ በታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ጁሊያርድ በድምፅ ሥልጠና የሚታወቅ ትምህርት ቤት ነው። አተነፋፈስ፣ የቃላት አወጣጥ፣ የአነጋገር ዘዬ፣ የሼክስፒርን ስንኝ ሳያዛቡ ትርጉሙን ማስያዝ፣ ይህ ሁሉ ለዓመታት የሚማሩት ነው። ኪልመር ከዚያ ወጥቶ በ1984 በሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ «ቶፕ ሲክሬት» የሮክ ዘፋኝ ሆኖ ሲጫወት ዘፈኖቹን የዘፈነው ራሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙን ዓለም ያወቀበት «ቶፕ ገን» መጣ። ያን ሥራ አልፈለገውም ነበር፤ ከፊልም ስቱዲዮው ጋር ቀድሞ የፈረመው ውል ነው ያስገደደው። «አይስማን» የሚባለው አብራሪ በጽሑፉ ላይ እምብዛም ነገር አልነበረውም። ኪልመር ግን ለሰውዬው ልጁን ችላ የሚል አባት በሐሳቡ ፈጠረለት፤ በሁሉ ነገር ፍጹም ለመሆን የሚጥረውና የሚታበየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ድምፁ ለሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ የሚጠቅመው ፊልም በ1991 የወጣው የኦሊቨር ስቶን «ዘ ዶርስ» ነው። ኪልመር የዶርስ ባንድ ድምፃዊ የነበረውን ጂም ሞሪሰንን ለመጫወት ሲፈልግ በራሱ ገንዘብ ሙዚቃውን እየዘፈነ ራሱን ቀርጾ ለዳይሬክተሩ አቀረበ። ሥራውን ካገኘ በኋላም የባንዱን አምሳ ያህል ዘፈኖች አጥንቶ፣ ሞሪሰንን በሕይወቱ ያውቁት ከነበሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ ለወራት የሰውዬውን ልብስ ለብሶ ኖረ። በፊልሙ ላይ የሞሪሰን ቅጂዎችና የኪልመር አዘፋፈን ተቀላቅለው ገብተዋል። በሕይወት የነበሩት የባንዱ አባላት ሁለቱን መለየት እንደተቸገሩ በወቅቱ በሰፊው ተነግሯል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የሞተን ሰው ድምፅ አስመስሎ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኪልመር ያለ ምንም ሶፍትዌር አድርጎታል። ልዩነቱ፣ እርሱ ያንን ሲያደርግ የሰውዬውን ስካር፣ ትዕቢትና ፍርሃት በአንድ ላይ ማምጣቱ ነው። ሞሪሰን ተናግሮት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ሲናገርም ተመልካቹ የሚሰማው ኪልመር ስለ ሞሪሰን የደረሰበትን ውሳኔ እንጂ የሞሪሰንን ድምፅ ግልባጭ አይደለም።

ተመልካቾች ዛሬም አብልጠው የሚያስታውሱት የ1993ቱን «ቱምስቶን» ነው። ዶክ ሆሊዴይ በታሪክ የነበረ የጥርስ ሐኪም፣ ቁማርተኛና ተኳሽ ነው፤ በ1887 በ36 ዓመቱ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነበር። ኪልመር ለዚህ ሰው ከጆርጂያ ግዛት መኳንንት የተወሰደ የሚመስል ዝግ ያለ፣ ለስላሳና የሚያሾፍ አነጋገር ሰጠው። ሳንባው ያለቀ ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሹን መቁጠር አለበት፤ ኪልመር ይህን የጤና እጦት ወደ ጨዋነት ለውጦ፣ ሰውዬው ቃላቱን የሚያዘገየው ደክሞት ሳይሆን ስለማይቸኩል እንዲመስል አደረገ። በሞት አልጋው ላይ ያለው ትዕይንት ሲቀረጽ ሕመሙ በእውነት እንዲሰማው ከበታቹ በረዶ አስደርጎ እንደተኛም ተናግሯል። ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱ ኪልመር ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ትንፋሹን መቁጠር የሚገባው ሰው እንደሚሆን ያኔ ማንም አያውቅም።

የ1995ን ዓመት የሚያክል በሙያው ውስጥ የለም። «ባትማን ፎርኤቨር» በዓለም ዙሪያ ከ330 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ባትማንን የተጫወተው ኪልመር ግን የገጸ ባሕርዩን ልብስ ጠላው። ጭምብሉ ጆሮውን ስለሚደፍነው የሚሉትን አይሰማም፤ ሰዎቹም ቆይተው እርሱን ማነጋገር ተዉ። ልብሱ ውስጥ ያለ ሰው ማንም ቢሆን ለውጥ እንደማያመጣ ስለተሰማው ሁለተኛ ጊዜ አልተመለሰበትም። በዚያው ዓመት የወጣው የማይክል ማን «ሂት» ግን አል ፓቺኖና ሮበርት ዴ ኒሮ ባሉበት ፊልም ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ሳለ ከሁለቱ የማይተናነስ ነገር የሠራበት ነው።

በዚያ ፊልም መጨረሻ ገደማ ያለው ትዕይንት ቃል የለውም ማለት ይቻላል። ኪልመር የሚጫወተው ዘራፊ ክሪስ ቆስሎ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ሚስቱንና ልጁን ለመውሰድ ይመጣል። ፖሊሶች ሚስቱን አስገድደው በቤቱ ውስጥ አድፍጠዋል። ሴትየዋ በረንዳ ላይ ወጥታ ታየዋለች፤ እርሱ ከመኪናው ወርዶ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በደስታ ይበራል። እርሷ እጇን በበረንዳው መደገፊያ ላይ አድርጋ ለፖሊሶቹ በማይታይ ትንሽ እንቅስቃሴ «ሂድ» ትለዋለች። ፈገግታው ወዲያው አይጠፋም፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ይቆይና ከዓይኑ ጀምሮ ይከስማል። ከዚያ አድራሻ እንደተሳሳተ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። በእኔ ፍርድ በኪልመር ሥራዎች ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ደቂቃ የለም፤ ድምፅ የሚቀዳ ማሽንም ከዚህ ደቂቃ የሚወስደው አንዳች ነገር አያገኝም።

ቀጥሎ የመጣው ቁልቁለት ነው። በ1996 ከማርሎን ብራንዶ ጋር የተሠራው «ዘ አይላንድ ኦቭ ዶክተር ሞሮ» ቀረጻው እንደተጀመረ ዳይሬክተሩ የተባረረበት፣ ተተኪው ጆን ፍራንከንሃይመር ደግሞ ከኪልመር ጋር ዳግመኛ እንደማይሠራ በአደባባይ የተናገረበት ፊልም ነበር። የባትማኑ ዳይሬክተር ጆኤል ሹማከርም ቀድሞ ተመሳሳይ ወቀሳ አሰምቶ ነበር። ጥያቄ የሚያበዛ፣ የሚያስቸግር ሰው የሚለው ስም ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም፤ ከወቀሳው ሁሉ የቱ ትክክል እንደሆነ ከውጭ ሆኖ መፍረድ ባይቻልም፣ እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደሚናገረው ሳያውቅ መናገር የማይፈልግ ሰው እንደነበር ግን ሥራዎቹ ይመሰክራሉ። በ2005 ከሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ጋር በሠራው «ኪስ ኪስ ባንግ ባንግ» ተሰጥኦው እንዳልነጠፈ ቢያሳይም፣ ከዚያ ወዲያ የነበሩት ዓመታት በአብዛኛው ሲኒማ ቤት ያልደረሱ ፊልሞች የሞሉባቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው በ1998 የወጣው «ዘ ፕሪንስ ኦቭ ኢጅፕት» የተባለው የካርቱን ፊልም ነው። ኪልመር በዚያ ፊልም የሙሴን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከሚነደው ቁጥቋጦ የሚሰማውንም የእግዚአብሔርን ድምፅ ተጫውቷል፤ አዘጋጆቹ የፈለጉት ሙሴ ጥሪውን ከራሱ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ እንዲሰማው ነበር። በኦሪት ዘጸአት ሙሴ «አፌ ኰልታፋ» ነው ብሎ ሲያመካኝ ወንድሙ አሮን አፍ እንዲሆነው ይሰጠዋል። ኪልመርም አንደበቱ ሲዘጋ አፍ የሚሆነው ከቤተሰቡ አገኘ፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ኪልመር የአሜሪካዊውን ደራሲ የማርክ ትዌይንን ሕይወት የሚተርክ የአንድ ሰው ቴአትር ጽፎ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ያሳይ ነበር። ዓላማው ስለ ትዌይንና ስለ ክርስቲያን ሳይንስ መሥራቿ ስለ ሜሪ ቤከር ኤዲ ፊልም ለመሥራት ገንዘብና ትኩረት ማሰባሰብ ነበር፤ ትዌይን ሴትየዋን በብዕሩ ሲወርፋት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አማኙ ኪልመር የእምነቱን ተቺ አካል ለብሶ መድረክ ላይ መውጣቱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሥራው ሙሉ በሙሉ በድምፅ ላይ የቆመ ነበር። ካንሰሩ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እምነቱ ከሕክምና ስላራቀው ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ሸሸገ፤ በ2016 ተዋናዩ ማይክል ዳግላስ ጉዳዩን በአደባባይ ሲያነሣ እንኳ አስተባበለ፤ በዓመቱ ግን አመነ። በመጨረሻ በልጆቹ ግፊትም ጭምር የጨረርና የኬሞቴራፒ ሕክምና ወሰደ፤ በአንገቱም ላይ ለመተንፈሻ ቀዳዳ ተበጀለት። ከካንሰሩ ቢድንም ድምፁ አልዳነም። ለመናገር ቀዳዳውን በጣቱ መድፈን ነበረበት፤ የሚወጣውም ሻካራ፣ የሚቆራረጥና ለማያውቀው ሰው የማይገባ ድምፅ ነበር።

በ2021 በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ቫል» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ያሳያል። ኪልመር የቪዲዮ ካሜራ በሰዎች እጅ እምብዛም ባልነበረበት ዘመን ገዝቶ ዕድሜውን ሙሉ ራሱንና ባልደረቦቹን ሲቀርጽ የኖረ ሰው ስለነበር፣ አዘጋጆቹ በመቶዎች ሰዓት የሚቆጠር ምስል አገኙ። ታሪኩ የሚተረከው «እኔ» እያለ በኪልመር አንደበት ነው፤ የሚያነበው ግን ልጁ ጃክ ነው። የጃክ ድምፅ የወጣቱን ኪልመር ድምፅ እጅግ ስለሚመስል ተመልካቹ ለጥቂት ጊዜ ይደናገራል። የሚያነበው የአባቱን ጽሑፍ ነው፤ የት ላይ እንደሚስቅና የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚወስነው ግን ልጁ ነው።

ፊልሙ ከታየ ከአንድ ወር በኋላ መቀመጫው በለንደን የነበረ ሶናንቲክ የተባለ ድርጅት የኪልመርን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሠራ ይፋ አደረገ። አሠራሩ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ከቀድሞ ቅጂዎቹ ላይ የጀርባ ጫጫታ ይወገዳል፤ ንግግሩ በአጫጭር ቁራጮች ተከፍሎ ከጽሑፉ ጋር ይጣመራል፤ ከዚያ ሞዴሉ፣ ማለትም ከቅጂዎቹ የሚማረው ፕሮግራም፣ የትኛው ፊደል በዚህ ሰው አፍ እንዴት እንደሚወጣ ይማራል። ለኪልመር የተገኘው ንጹሕ ቅጂ ድርጅቱ በተለመደው ሥራው ከሚጠቀምበት በአሥር እጥፍ ያነሰ ነበር። በዚህ ምክንያት ከ40 በላይ የተለያዩ ሞዴሎች ተሠርተው የተሻለው ተመረጠ። ኪልመር ውጤቱን በደስታ ተቀብሎታል፤ ደስታውንም ማንም ሊያናንቅበት አይገባም። አንደበቱ የተዘጋ ሰው ለወዳጆቹ በሚያውቁት ድምፅ አንድ ነገር ለማለት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ለራሱ ለሰውዬው የተሠራ የመነጋገሪያ መሣሪያ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የሚመርጠው በሕይወት ያለው ባለቤቱ ነው፤ ደስ ካላለውም መተው ይችላል።

«ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» በ2022 ሲወጣ ሁለቱ ነገሮች ተምታቱ። ፊልሙ የተቀረጸው በዋናነት በ2018 እና በ2019 ሲሆን የዘገየው በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ነው። የሶናንቲክ ሞዴል ይፋ የሆነው ቀረጻው ካለቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ኮሲንስኪም የተሰማው የኪልመር የራሱ ድምፅ መሆኑን፣ የተደረገው ነገር ቢኖር ቃላቱ ይበልጥ እንዲሰሙ በዲጂታል መንገድ ማጥራት ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ያም ሆኖ «ማሽን አናገረው» የሚለው ወሬ ከእውነቱ ቀድሞ ዓለምን ዞረ፤ ዛሬም ይዞራል።

ትዕይንቱን በቅርብ ላየው ሰው ወሬው ለምን እንደሚያስቆጭ ግልጽ ነው። አይስማን አሁን የፓስፊክ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ሆኗል፤ ታሟል፤ እንደ ተዋናዩ ሁሉ መናገር ይከብደዋል። ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ማቬሪክ ሊያማክረው ቤቱ ሲመጣ አይስማን የሚመልስለት በኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው። ክሩዝ ይናገራል፤ ኪልመር ያያል፤ ይጽፋል፤ መልሶ ያያል። የሚጽፈው ጥቂት ቃል ሲሆን ማቬሪክ ወሬውን ሊያዞር ሲሞክር ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ ወደ ጉዳዩ ይመልሰዋል። በኋላ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን በድምፁ ይናገራል፤ ሻካራነቱ፣ ከቃል ወደ ቃል የሚደረገው ጥረት ሁሉ ይሰማል። በመጨረሻም ከሁለቱ ማን የተሻለ አብራሪ እንደሆነ ጠይቆ ወዳጁን ያስቀዋል። ትዕይንቱ ኃይል ያገኘው ሰውዬው ዝም ማለት ሲችል ለወዳጁ ብሎ ለመናገር በመምረጡ ነው። ድምፁ እንደ 1986ቱ የጠራ ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ ይፈርስ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ብራክሃይመር እንደተናገረው፣ ያለ ኪልመር ፊልሙ እንዳይሠራ አጥብቆ የያዘው ክሩዝ ነበር። ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ይህ ፊልም የኪልመር የመጨረሻ ትልቅ ሥራ ሆነ።

ድምፅና ባለቤቱ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማየት የጄምስ ኧርል ጆንስን ጉዳይ ከዚህ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች የክፉው ገጸ ባሕርይ የዳርት ቬደር ድምፅ የነበረው ጆንስ በስተርጅና የቀድሞ ቅጂዎቹ ጥቅም ላይ እንዲውሉ ፈቅዶ፣ በ2022 በወጣ ተከታታይ ድራማ ላይ መቀመጫው በኪየቭ የሆነ ሪስፒቸር የተባለ ድርጅት ድምፁን በቴክኖሎጂ አወጣ። ጆንስ በ2024 ሞተ። በሜይ 2025 ደግሞ «ፎርትናይት» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ቬደር ከተጫዋቾች ጋር በቀጥታ የሚያወራ ሆኖ ቀረበ፤ የሚለውን ነገር የሚፈጥረው የቋንቋ ሞዴል፣ ድምፁ የጆንስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ቬደርን ጸያፍ ስድብ አናገሩት፤ ኩባንያውም ተሯሩጦ አስተካከለው። የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ አፍትራ ከእርሱ ጋር ሳይደራደሩ ሥራውን ለማሽን ሰጡ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ልብ በሉ፣ የቤተሰቡ ፈቃድ በእጅ ነበር። ጉድለቱ ፈቃድ ማጣት አልነበረም፤ ድምፁን ከፈቀደው ሰው ወዲህ የትኛው ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ የትኛው ይቅር ብሎ የሚወስን ተዋናይ አልነበረም።

የአሜሪካ ሕግ የድምፅን ጉዳይ የጀመረው ከዚህ ቴክኖሎጂ በፊት ነው። ዘፋኟ ቤት ሚድለር ለመኪና ማስታወቂያ አልዘፍንም ስትል ማስታወቂያ ሠሪዎቹ የእርሷን አዘፋፈን የምትቀዳ ሌላ ሴት ቀጠሩ፤ በ1988 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የታወቀ ዘፋኝን መለያ ድምፅ ለንግድ ሲሉ ሆን ብሎ መቅዳት ኃላፊነት ያስከትላል ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ተቀጣሪ ድምፅ አስመሳይ የሚያወጣው ጥቂት ደቂቃ ሳይሆን የማይደክም፣ ክፍያ የማይጠይቅና ቁጥር የሌለው ንግግር ነው። የ2023ቱ አድማ ያስገኘው ውል ስቱዲዮዎች የተዋናይን ዲጂታል አምሳያ ለመሥራትና ለመጠቀም ፈቃድና ክፍያ እንደሚያስፈልግ ደነገገ። በ2024 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም ሁለት ሕጎች ፈረመ። አንደኛው፣ ተዋናይ በአካል ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ለአምሳያው አሳልፎ የሚሰጥ የውል አንቀጽ፣ አጠቃቀሙ በግልጽ ካልተዘረዘረና ተዋናዩ ጠበቃ ወይም ማኅበር ካልወከለው፣ ተፈጻሚ እንዳይሆን ያደርጋል። ሁለተኛው የሞተን ተዋናይ ድምፅና ምስል ያለ ወራሾች ፈቃድ በፊልም ወይም በድምፅ ሥራ የተጠቀመ ሰው ቢያንስ 10,000 ዶላር እንዲከፍል ያዛል። ቴነሲም በዚያው ዓመት «ኤልቪስ» የሚል ምህጻር የተሰጠው የድምፅ ጥበቃ ሕግ አወጣች።

እነዚህ ሕጎች መልካም ናቸው፤ ከምንም ይሻላሉ። የተዋንያኑ ማኅበር ለዚህ ያን ያህል ጊዜ ደመወዝ ሳያገኝ መቆየቱም አያስገርምም። የሚጠብቁት ነገር ግን ንብረትን ነው። ድምፅ ንብረት ከሆነ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። ገዥው በሕግ ከተጠየቀ የሚያቀርበው ፊርማ ነው፤ ፊርማው ካለ ጥያቄው እዚያ ያበቃል። ኪልመር «ሂት» ላይ ፈገግታውን ለአንድ ቅጽበት ማቆየቱ፣ ሆሊዴይን ዝግ ብሎ እንዲናገር ማድረጉ፣ በታመመ ጉሮሮው ጥቂት ቃል ለመናገር መነሣቱ በየትኛውም ውል ላይ ሊጻፍ የሚችል ንብረት አይደለም፤ ተዋናዩ ሲሠራ ብቻ ያለና እጁን ሲያነሣ የማይኖር ውሳኔ ነው። ስቱዲዮዎችና የቴክኖሎጂ ድርጅቶች «ድምፁን አስቀምጠናል» ሲሉ የሚያስቀምጡት የውሳኔዎቹን ቅሪት ነው፤ ተመልካቹ ግን ማቬሪክ ላይ እንዳደረገው ሁለቱን መለየት ካቃተው፣ ልዩነቱን ለማስጠበቅ ገንዘብ የሚያወጣ ስቱዲዮ አይገኝም። የወሬው ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

አንዳንዶች ነገሩን በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ለመወሰን ሞክረዋል። በ2014 የሞተው ሮቢን ዊልያምስ ስሙና ምስሉ ከሞተ በኋላ ለ25 ዓመታት፣ ማለትም እስከ 2039 ድረስ፣ ለንግድ እንዳይውል በሰነድ አስሮ ሄዷል። ዛሬ የተዋንያን ጠበቆች ተመሳሳይ አንቀጾችን ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ለማስታወቂያና ለወሲብ ነክ ሥራ ብቻ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ጽሑፉን አይቶ የሚፈቅድ ሰው በስም ይሾማል። ከሦስቱ ወደ ተዋናይ ሥራ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ፈቃዱን ከጅምላ ወደ ዓረፍተ ነገር ያወርደዋል። በካሊፎርኒያ ሕግ የአንድ ታዋቂ ሰው ድምፅና ምስል ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመታት በወራሾቹ እጅ ይቆያል፤ ለኪልመር ይህ ማለት እስከ 2095 ነው። የሚፈርሙት ልጆቹ ሜርሴዲስና ጃክ፣ ከእነርሱ በኋላ ደግሞ የእነርሱ ወራሾች ይሆናሉ። ከእነዚህ መካከል የአባቱን ጽሑፍ በራሱ ድምፅ አንብቦ የት ላይ መቆም እንዳለበት መርጦ የሚያውቀው ጃክ ብቻ ነው።